ባዶ፣ ቀጥል

የድንባሮ ንባብ የወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ይማም እንድሪስ ፍየሎቹን አሰማርቶ ሲመለስ አደባባዩ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ አገኘው። ፊደሉ ትልልቅ ስለነበር መነጽር አላስፈለገውም።

«ድንባሮ። ከላይ እስከ አንድ ሜትር ከአሥር፦ ባዶ፣ ቀጥል። ከዚያ በታች፦ የጥንት የንግድ ከተማ፣ ግንቡ የታወቀ። የነዋሪዎቹ ነባርነት፦ የለም። መቃወሚያ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ያቅርብ።»

ሁለቴ አነበበና ቀጥ ብሎ ታላቅ እህቱ ዙምራ ቤት ሄደ።

በ2075 ዓ.ም. አንድ መንደር ባለበት ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚወሰነው ከሥሩ በተነበበው ነገር ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሳይቋረጥ ሰው እንደኖረበት አፈሩ ከመሰከረ መንደሩ ነባር ነው፤ ማንም አይነካውም። ካልመሰከረ ነዋሪው ጊዜያዊ ሰፋሪ ተብሎ ቦታ ወደተገኘበት ይሄዳል። እስከ ሰባት ቤት አባት መቁጠር፣ የመቃብር ድንጋይ ማሳየት፣ ሽማግሌ ማስቆም ድሮ ቀርቷል። ሰው ለጥቅሙ ሲል ይናገራል፣ አፈር ግን ጥቅም የለውም ይል ነበር ጽሕፈት ቤቱ፤ ሰውም ይህን ሰምቶ ሰምቶ አመነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ሁሉ የሳምንቱን ስባሪ፣ ያው የተሰነጠቀ ብርጭቆም ሆነ የዶሮ አጥንት፣ ቀን በተጻፈበት ከረጢት አድርጎ ደጁ ላይ ይቀብራል። ለልጅ ልጆቹ ነባርነት ማጠራቀሙ ነው። ድንባሮዎችም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሙስ ሳያጓድሉ ቀብረዋል። የእነሱ ጣጣ ከዚያ በፊት ያለው ነው።

«እታለም፣ ባዶ ናችሁ አሉን» አላት ይማም ገና ከበሩ።

ዙምራ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ትዳር ይዛ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው ከአንዱ የቁፋሮ ቦታ ወደ ሌላው የጥንት ነገር ከሚያጠኑ ዶክተሮች ጋር ስትዞር ነው። ጡረታ ስትወጣ ተመልሳ ከወንድሟ አጥር ጥግ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። ወንድሟን ተከትላ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዳንዱ ይራገማል። አንዱ ነገረኛ ደግሞ፣ «ባዶስ ይበለን፤ ማንን ነው ቀጥል የሚለው?» ብሎ ሰውን አሳቀ።

ዙምራ አልሳቀችም። የሰሌዳውን እንጨት ያዘች። ያቺን ቃል የፈጠረቻት እሷ ናት።

ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ ዶክተር ይርጋ የሚባል የቁፋሮ ሰው ድንባሮ መጣ። የሚፈልገው የጥንቱን የንግድ ከተማ ነበር። ከተማው ከአንድ ሜትር በታች እንደሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ላይኛውን አንድ ሜትር በዶማ አስነሥቶ ያስጥለዋል። ደንቡ ግን ለእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ ለእያንዳንዱ የአፈር ድርብ ቅጽ ይሞላ ይላል። የእጅ ጽሕፈቷ ስላማረ ዙምራን ከአፈር ተሸካሚነት አንሥቶ መዝጋቢ አደረጋት። መጀመሪያ ላይ «በዚህ ድርብ ለጥናቱ ጥያቄ የሚሆን ነገር አልተገኘም፤ ቁፋሮው ወደ ታች ይቀጥል» ብላ ትጽፍ ነበር። እጇ ሲደክም «ባዶ፣ ቀጥል» ብላ አሳጠረችው። ዶክተሩ ወደደላት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ጻፈችው።

ባዶ እንዳልነበረ ታውቃለች። ሠላሳ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ በእበት የተለቀለቀ ወለል አይታ ዶማውን አስቁማ ዶክተሩን ጠርታው ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«ዙምራ፣ ይሄ እኮ የቅድመ አያትሽ ቤት ነው። የሷን ታሪክ ከፈለግሽ እናትሽን ጠይቂ። እኛ የመጣነው ማንም የማያውቀውን ፍለጋ ነው።»

እሷም አብራው ሳቀች። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሠራተኛ ሲታመም በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ያደርስ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ፣ ከዚያ ዶማው ቀጠለ፣ እሷም ጻፈች።

አሁን በሰማይ እየዞረች ምድርን የምታነበው አንባቢ ሳተላይት የተማረችው ከእነዚያ ቅጾች ነው። አመዱንና ወለሉን አላየችውም ማለት አይደለም፤ አይታዋለች። እንዲህ ያለው አመድ ባዶ ይባላል ብለው ያስተማሯት ሰዎች አሉ። አንዷ ዙምራ ናት።

በማግስቱ ከተማ ወርዳ የነባርነት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ያስተናገደቻት ሶልያና የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ሴት ነች። ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻት፣ ውሃ ቀዳችላት፣ አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እማማ፣ የሚሉትን እኔ አምንዎታለሁ» አለች ሲያልቅ። «ግን ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ የሚነገር ትዝታ ሦስተኛ ደረጃ ማስረጃ ነው። በዚያ ላይ የመንደሩ ነዋሪ ነዎት።»

«ነዋሪማ ነኝ። ያልኖረበት ምኑን ያውቀዋል?»

«እሱ ነው ችግሩ» አለች ሶልያና ፈገግ ሳትል።

ዙምራ ይህን ጠብቃ ነበርና ሌላ ነገር ይዛ መጥታለች። ቆፋሪ ሁሉን አይቆፍርም። ኋላ የተሻለ የሚያውቅ ሰው መጥቶ የመጀመሪያውን ሥራ እንዲያርመው፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የአፈር ዓምድ ሳይነካ ይተዋል። ምስክር ይሉታል፤ በደንቡ ለማጣራት የሚቆፈረውም እሱ ብቻ ነው። ዶክተር ይርጋም አንድ ትቷል፤ ሌላውን ጉድጓድ ሲሞላ የዚህን ዙሪያ ክፍት ተወው። የመንደሩ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ቁልቋል ለብሶ ዛሬም ቆሟል።

«እሱን ቆፍሩት» አለች። «ከላይ ጀምራችሁ በግንበኛ ማንካ፣ በወንፊት። አራት ቀን አይፈጅም።»

ሶልያና ፊቷ በራ። መዝገቡን ፈልጋ ምስክሩን አገኘችው። የማጣሪያ ቁፋሮ የሚባል ሥርዓት እንዳለ፣ ማሽኑም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ድንባሮ ሊደርስ እንደሚችል ነገረቻት። ዙምራ እጇን ልትስም ምንም አልቀራት። ወዲያው ሶልያና የሥራ ትእዛዙን ስታነብ ድምፅዋ ቀነሰ።

«ማሽኑ ከአንድ ሜትር ከአሥር ነው የሚጀምረው።»

«ከላይ ያለውስ?»

«ይጠረጋል። ባዶ ተብሎ ስለተመዘገበ።»

«ልጄ፣ ባዶ ነው አይደለም የሚለውን ለማጣራት አይደል የሚመጣው?»

«ነው።»

«ታዲያ የሚጣራውን ጠርጎ ጥሎ ምኑን ሊያጣራ ነው?»

ሶልያና ትእዛዙን ሊቀይር የሚችል ሰው እንዳለ ሦስት ቦታ ጠየቀች። ሦስቱም ትእዛዙ ከመዛግብት የወጣ ነው ብለው መለሱላት። ዙምራ ውሃዋን ጠጥታ አመስግና ወጣች።

እቤት ስትደርስ ለይማም ነገረችው። ይማም የመንደሩን አርባ ስድስት አባወራ አሰልፎ ማሽኑ ፊት ለመቆም ተነሣ። እሷን ግን ሌላ ሐሳብ ይዟታል።

«እኔ እቆፍረዋለሁ» አለችው።

«አንቺ? ምስክር አይነካም እያልሽ ሰው ስትቆጪ አልኖርሽም? የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፍየሉን እዚያ አሰረ ብለሽ ዓመት ሙሉ አልዘጋሽውም?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ከቆፈርሽው የለም ማለት ነው እኮ። ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ነው። አንድ ቦታ አንዴ ተቆፈረ ማለት ዳግመኛ አይቆፈርም፤ የሚቀረው የቆፋሪው ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህን ዙምራ ለስንት ጀማሪ አስተምራለች። ግን ማሽኑ በዘጠነኛው ቀን መጥቶ አናቱን ይቀነጥሰዋል፤ እሷ ብትቆፍረው ቢያንስ የሚያይ ዓይን ያየዋል። ደንቡ እንደሚለው ግማሹን ብቻ ቆፍራ ግማሹን ለጽሕፈት ቤቱ ለማቆም ወሰነች። የቆመውን ግማሽ ባዶ ናችሁ ያሏቸው ሰዎች መጥተው በገዛ ዓይናቸው ይዩት።

ሐሙስ ጠዋት ችካል ተክላ ሲባጎ ወጠረች። ቁልቋሉን ይማም መነጠረላት። አሮጌ ማንካዋን አንሥታ ከላይኛው ጠርዝ ጀመረች።

ያ ሳምንት የሕይወቷ ምርጥ ሳምንት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ወለል አገኘች፤ በእበት የተለቀለቀ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የለቅላቂዋ የጣት መስመር ሳይቀር የሚታይ። ከሥሩ አመድ። ከአመዱ ሥር ሁለተኛ ወለል። ሴቶቹ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ፣ ገል ሲያገኙ እልል ይላሉ። ከገል ተሞርዶ መሐሉ የተበሳ፣ እንዝርት ላይ የሚሰካ ክብ ወጣ። ሰማያዊ ዶቃ ወጣ። ቀንዷ የተሰበረ የጭቃ ላም ወጣች፤ ስትወጣ ይማም መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንደሷ ያለች ላም እሱም በልጅነቱ ሠርቷል። ዙምራ ለእያንዳንዱ ጣት ለምታህል ድርብ ቅጽ ሞላች። ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ እያንዳንዱ ነገር ከየትኛው ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ጻፈች። «ባዶ» የምትለዋን ቃል አንዴም አልተጠቀመችም። ማታ ሲመሽባት ታዝን ነበር፣ የማንበቢያው ብርሃን ስለሄደ።

በስድስተኛው ቀን አራተኛውን ወለል ስትገልጥ ቀትር ነበር። ዕቃዋን አስቀምጣ ውሃ ልትጠጣ ዞር አለች። ስትመለስ ያቆመችው ግማሽ ምስክር የለም።

አርባ ስድስት ዓመት ፀሐይና ዝናብ የፈጀው አፈር ነው። ሙሉውን ሆኖ ቆሞ ነበር፤ ግማሹ ሲወሰድበት ለብቻው መቆም አልቻለም። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ዝም ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተንዷል። ወለሉ ከአመዱ፣ ላይኛው ከታችኛው ተደባልቆ አንድ ክምር ሆኗል። ሴቶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም፣ «ይነፋል፣ ምን ችግር አለው» አሏት። ዙምራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ሰው እንደሞተበት ሰው አለቀሰች። ይህን ማወቅ ነበረባት፤ ሥራዋ ነበር። ዓምድ ለሁለት ከመቁረጥ በፊት በእንጨት ይደገፋል። ጀማሪ እንኳ የማይስተውን ስህተት ደስታዋ አስቷት ሠራችው።

ያም ሆኖ ቅጾቹን፣ ገሉን፣ ዶቃውን፣ ላሚቷንና የከሰሉን ከረጢት ይዛ ከተማ ወረደች። ፎቶግራፍ አልያዘችም፤ ፎቶግራፍ ማስረጃ መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሶልያና ቅጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። ከሰዓት ሙሉ ፈጀባት። ስትጨርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም» አለች። «ወለሉ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።»

«ታዲያ?»

«የቀረው ግማሽ?»

ዙምራ ነገረቻት። ሶልያና ቅጾቹን አስተካክላ ደረደረች።

«ከሰሉስ?» አለች ዙምራ። «ከሰል ዕድሜ ይናገራል።»

«ያለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ከሰል ዕድሜው በደንብ አይለይም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ደግሞ ማኅተም የለውም። ከየትም ምድጃ ሊመጣ ይችላል ይላሉ።» ቢሆንም ቅጾቹን ለአንባቢዋ አስገባችላት፤ ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁ። መልሱ ብዙ አልቆየም። ሶልያና አነበበችውና ለዙምራ ልታነብላት አልፈለገችም።

«አንብቢው ልጄ።»

«መዝጋቢ ዙምራ እንድሪስ፤ ታማኝነት፦ እጅግ ከፍተኛ። ሁለት መቶ አሥራ አራት የማይቃረኑ መዝገቦች። አዲሱ መዝገብ ከመዝጋቢዋ ነባር ምስክርነት ጋር ይቃረናል። እንደ ልዩ ሁኔታ ተነጥሎ ይቀመጥ።» ሶልያና ቀና አለች። «እማማ፣ አንባቢዋ የማታምንዎት እንዳይመስልዎት። በጣም ነው የምታምንዎት። ሃያ ሁለት ዓመትዎ ላይ የጻፉትን ነው የምታምነው።»

«ያኔ የጻፍኩት ሐሰት ነው። አሁን ቃልሽን ስጪ ካልሽኝ እፈርማለሁ። ዶማ ያወጣውን ሳላይ ነው የጻፍኩት። አይቼም እንዳላየሁ ሆኜ ነው የጻፍኩት።»

ሶልያና ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ይህንን ሌላ ቦታ እንዳይናገሩት» አለች ቀስ ብላ። «የእርስዎ ቅጾች ድንባሮ ላይ ብቻ አይደለም የሠሩት። አንባቢዋ የላይ አፈር ማንበብ የተማረችው በብዛት ከእነሱ ነው። የእርስዎ አጻጻፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለማስተማር ይመቻል። እስካሁን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ መንደር በዚያ ተነሥቷል። ሐሰት ነው ካሉ የእነዚያም ሁሉ ጉዳይ ሊከፈት ነው። ይህንን የሚቀበል ጽሕፈት ቤት የለም።»

ዙምራ የሰማችው ቁጥሩን ብቻ ነው። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ። የማታውቃቸው፣ ረግጣቸው የማታውቅ መንደሮች፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ የእሷን ቃል አንብበዋል። ምናልባት እዚያም አንድ ነገረኛ «ማንን ነው ቀጥል የሚለው?» ብሎ ሰውን አስቆ ይሆናል። ላሚቷን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለች።

ማሽኑ በቀኑ መጣ። ምስክር የተባለው ቦታ ላይ ጉድጓድ ብቻ ሲያገኝ «የተረበሸ» ብሎ መዝግቦ ሄደ። አርባ ስድስቱ አባወራ ፊቱ ለመቆም ወጥተው ነበር፤ የሚቆሙለት ነገር ሲያጡ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ዙምራን ማንም አልወቀሳትም። ወቅሰዋት ቢሆን ይሻላት ነበር።

ከመነሣታቸው በፊት ጉድጓዱን ሞላችው። ቆፋሪ የከፈተውን ሳይዘጋ አይሄድም። ሲዘጋም ከወለሉ ላይ የዘመኑን ነገር ጥሎ ነው፤ ኋላ የሚመጣው ሰው እስከዚህ ድረስ ተቆፍሯል ብሎ እንዲያውቅ። ዶክተር ይርጋ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይጥል ነበር። እሷ ክዳኑ ብረት የሆነ የመስታወት ዕቃ አመጣች። ውስጡ የቅጾቹን ግልባጭ ጠቅልላ ከተተች፤ እርሳሷንም ጨመረች። ላሚቷን ልትጨምር አስባ ይማምን አየችውና ለእሱ ሰጠችው። ከዚያ አፈሩን መለሱ፤ ይማም በአካፋ፣ እሷ በእጇ።

አዲሱ ሰፈር ቆላ ነው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ቁጥራቸው በቀይ የተጻፈ። በገቡ ቀን ለየቤቱ አንዳንድ ሳጥን ታደለ፤ ውስጡ ቀን የተጻፈበት ከረጢትና የነባርነት መቁጠሪያ ካርድ አለ። የዙምራ ካርድ ላይ «ዓመት፦ ዜሮ» ይላል።

ከወር በኋላ የድንባሮ የመጨረሻ ንባብ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቦታው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊተከልበት ነው። ይማም አዲሱ ሰሌዳ ጋ ሄዶ ፊደሉ ትንንሽ ሆነበትና እህቱን ይዞ ተመለሰ።

«ምን ይላል እታለም?»

ዙምራ ቀስ ብላ አነበበችለት። «ትምህርት ቤት ጓሮ፤ አንድ ሜትር ላይ፦ ዘመናዊ ቆሻሻ፣ አንድ የመስታወት ዕቃ።»

«አንብባዋለቻ! ከውስጡ ያለውንስ?»

«ከውስጡ ያለውን አትልም።»

«ከዚያ በላይስ? እኛ ያለንበት?»

ከዚያ በላይ ያለውን ሳታነብም ታውቀው ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና፣ ሆዷ ጠግቦ፣ የቅድመ አያቷ ወለል ላይ ተቀምጣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ እንደጻፈችው ነው።

«ባዶ፣ ቀጥል» አለችው።

ይማም የጭቃ ላሟን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ አገላብጦ አያትና መልሶ ከተታት። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ከረጢታቸውን ሊቀብሩ ወደ ቤት ሄዱ።